ቀይ ቀበሮ ለምን ጥቂት ሆነ? መልሱ ከሳሩ ይጀምራል

ስለ ቀይ ቀበሮ በተወራ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ አለ፣ በዓለም ላይ ያደጉት ተቆጥረው 500 እንኳን አይሞሉም ይባላል፣ ታዲያ ማነው የጨረሳቸው የሚል። ብዙ ሰው ወዲያው አዳኝ ላይ ነው የሚያላክከው፣ ጥይት ምናምን፣ እሱም ባንዳንድ ቦታ ባንዳንድ ዘመን አልነበረም አይባልም፣ ግን ማንም አንድ ጥይት ባይተኩስ ኖሮ እንኳን ቀይ ቀበሮ እንደ በግ በመቶ ሺ የሚቆጠር እንስሳ አይሆንም ነበር። መሆንም አይችልም። ለምን እንደማይችል ለማወቅ ቀበሮውን ለጊዜው ትተን ስለ ሳር፣ ስለ አይጥ፣ ስለ እበት እና ስለ ውሃ ማውራት አለብን፣ ኢኮሎጂ የሚባለው ትምህርትም ሲጨመቅ ይሄው ነው፣ ማን ከማን ጋር እንዴት ተያይዞ እንደሚኖር መጠየቅ።

ነገሩ በደረቁ እንዳይሆን አንድ ቦታ እንያዝ፣ መንዝ ጓሳን። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ ያለ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አለፍ የሚል የሳር ምድር ነው። በበጋ ሌሊት ውርጩ መሬቱን ነጭ ያደርገዋል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ጓሳ የሚባለው ራሱ ሳሩ ነው፣ በየቦታው ጉች ጉች ብሎ የሚበቅል ረጅም ጠንካራ ሳር፣ ቦታውም በሱ ተጠራ። በሳሩ መሀል ጅብራ አለ፣ ከፍ ሲል አስታ አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ ረግረግ አለ፣ ከዛ አይጡ፣ ፍልፈሉ፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ሰማዩ ላይ የሚያንዣብቡት አሞሮች፣ እንዲሁም (ይሄን ብዙ ሰው ሲቆጥር ይረሳዋል) የመንዝ ገበሬ ከነከብቱ። ይሄ ሁሉ ከአፈሩ፣ ከብርዱ፣ ከጭጋጉና ከዝናቡ ጋር ተደምሮ ነው ኢኮሲስተም የሚባለው። ግን ልብ በሉ፣ የእንስሳት ዝርዝር መስራት ኢኮሲስተም ማወቅ አይደለም፣ ዋናው በመሀላቸው ያለው መቀባበል ነው።

መቀባበሉ ሁለት አይነት ነገር ላይ ነው፣ አንዱ ኢነርጂ ሌላው ቁስ። እነዚህ ሁለቱ ጠባያቸው ለየቅል ነው፣ ብዙ ሰው ኢኮሎጂ የሚምታታበትም እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ባንድ ቀስት በተሞላ ስዕል ስለሚያስተምሩን።

ከኢነርጂ እንጀምር። የጓሳ ኢነርጂ በሙሉ የሚመጣው ከፀሐይ ነው፣ ሌላ ምንጭ የለውም። ሳሩ ብርሃኑን፣ ውሃውንና ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቀናጅቶ ስኳር ይሰራል፣ ያውም ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ አንድ በመቶ ወይ ከዛ በታች የሚሆነውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሌላው ይንፀባረቃል ወይ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ከዛ አይጥ ሳሩን ይበላል። አይጧ ግን የበላችውን በሙሉ ስጋ አታደርገውም፣ አንዱ ክፍል ሳይፈጭ እበት ሆኖ ይወጣል፣ ትልቁ ክፍል ደግሞ ለመኖር ይቃጠላል፣ ለመሮጥ፣ ለመተንፈስ፣ በዛ ብርድ ሰውነቷን ለማሞቅ። የቀረችው ጥቂቷ ናት የአይጥ ስጋ የምትሆነው፣ ቀበሮው ሊያገኝ የሚችለውም እሷኑ ነው። እሱም በተራው አብዛኛውን ለመሮጥና ለመሞቅ ያቃጥለዋል።

ይሄን ነገር በቁጥር አስቀምጦ ያሳየው ሬይመንድ ሊንደማን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ነው፣ ሚኒሶታ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሀይቅ ላይ ለዓመታት ሲለካ ሲመዝን ኖሮ። ጽሁፉን የላከለት ጆርናል መጀመሪያ "ንድፈ ሀሳብ በዛበት" በሚል አይነት ምክንያት መልሶበት ነበር፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲወጣ ሊንደማን በህይወት አልነበረም፣ በ26 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ኢኮሎጂ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት "10 በመቶ" የምትባለዋ ነገር ከዚህ መስመር ነው የመጣችው፣ ከአንዱ የመብል ደረጃ ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ኢነርጂ በአማካይ አንድ አስረኛ ገደማ ነው የምትለዋ። በግምት ስናሰላው 1,000 ኪሎ ሳር 100 ኪሎ አይጥ ያወጣል፣ 100 ኪሎ አይጥ ደግሞ 10 ኪሎ ቀበሮ። ያደገ ቀይ ቀበሮ ከ11 እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ከዛ ሁሉ ሳር አንድ ሙሉ ቀበሮ እንኳን አልወጣም ማለት ነው። ይሄ ራሱ ደግነት የበዛበት ስሌት ነው፣ ምክንያቱም ሰውነታቸውን ራሳቸው የሚያሞቁ እንስሳት፣ አይጥም ቀበሮም ሰውም፣ ከፈጩት ምግብ ስጋ አድርገው የሚያስቀሩት ከአንድ እስከ ሶስት በመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው ለሙቀት ነው የሚሄደው። 10 በመቶው አማካይ እንጂ ህግ አይደለም፣ እንደ ህግ የሚሸመድዱት ሰዎች ያናድዱኛል።

እንግዲህ ቀይ ቀበሮ ለምን ጥቂት ሆነ ለሚለው የመጀመሪያው መልስ እዚህ ጋ ተገኘ። ከላይ የተቀመጠ በላተኛ ሁሌም ጥቂት ነው፣ አንበሳም ነብርም ንስርም እንደዛው። ሰፊ መሬትም ይፈልጋል፣ ባሌ ላይ በተጠናው መሰረት አይጥ በበዛበት ቦታ አንድ የቀበሮ ቤተሰብ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይይዛል፣ አይጥ ሳሳ ባለበት ደግሞ 13 ገደማ፣ ማለትም አይጡ ሲያንስ መሬቱ እጥፍ ይሆናል። አሁን ጓሳን በዛ አካፍሉትና ስንት ቤተሰብ ሊይዝ እንደሚችል እዩት፣ ያውም ሁሉም ቦታ ለአይጥ አይመችም። መሬቱ ግማሹ ቢታረስ ቀበሮው ግማሹን ያጣል፣ ማንም ሳይነካው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ የሚሆነው ወደ እርሻ ተቀይሯል ተብሎ ይገመታል፣ ገብስ ሽቅብ እየወጣ ነው፣ የአየሩ መሞቅ ደግሞ ድሮ ገብስ የማይበቅልበትን ከፍታ ለገብስ እየከፈተለት። ገበሬው ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም፣ መሬት ያጣ ሰው የት ይሂድ፣ ስሌቱን ነው የማወራው።

ቁሱ ግን ሌላ ነው። ኢነርጂ አንዴ ሙቀት ሆኖ ከወጣ አይመለስም፣ ፀሐይ በየቀኑ አዲስ ትሰጣለች በቃ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ካርቦን እና የመሳሰሉት ግን አዲስ የሚሰጣቸው የለም ማለት ይቻላል፣ ያለው ነው የሚዞረው። ዛሬ ሳር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ነገ አይጥ ውስጥ ነው፣ ከነገ ወዲያ ቀበሮ ውስጥ፣ ከዛ እበት ውስጥ ወይ ሬሳ ውስጥ፣ ከዛ አፈር፣ ከዛ ተመልሶ ሳር። ይሄን የሚያዞሩት ሰራተኞች ደግሞ ፎቶ የማይነሱት ናቸው፣ ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ ትል፣ ጢንዚዛ። ቀበሮ ከጓሳ ቢጠፋ እናዝናለን፣ ሳሩ ግን ነገም ይበቅላል፣ አፈር ውስጥ ያሉት አብስባሾች ቢጠፉ ግን የሞተው ሁሉ እንደተከመረ ይቀርና ሳሩ የሚመገበው አጥቶ ይቆማል። ለነሱ ግን ማን ብርቅዬ ብሎ ቴምብር ያትምላቸዋል።

ናይትሮጅን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለገበሬ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ስለሆነ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ግን ተክል ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም፣ አየር ውስጥ ሁለት ሁለት አተም ሆኖ በጣም ስለተጣበቀ። የሚያላቅቁት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ከነሱ አንዳንዶቹ በባቄላ፣ በአተር፣ በምስር እና በሜዳው ላይ በሚበቅለው ማገጥ ስር ውስጥ ቤት ሰርተው ይኖራሉ። ባቄላ ነቅላችሁ ስሩን ካያችሁ ጥቃቅን እባጮች ታያላችሁ፣ በሽታ አይደለም፣ ቤታቸው ነው። ተክሉ ስኳር ይሰጣቸዋል እነሱ ናይትሮጅን ይሰጡታል። የኛ ገበሬ ዘንድሮ ገብስ ከርሞ ባቄላ እያለ ሲያፈራርቅ የኖረው ባክቴሪያ የሚባል ነገር ሰምቶ አይደለም፣ ገብሱ ከባቄላ በኋላ እንደሚሰጥ አይቶ ነው።

አሁን ደግሞ ዙሩ የት ጋ እንደሚበጠስ እዩ። ደጋ ላይ እንጨት የለም፣ እንጨት ከሌለ ኩበት ይነዳል። ከብቱ ሜዳው ላይ የጋጠው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ መሬቱ መመለስ ሲገባው ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ አመዱ ደጅ ይደፋል። ማሳው በየዓመቱ ሲሰጥ በየዓመቱ የሚመለስለት እያነሰ ይሄዳል፣ ከዛ ማዳበሪያ በኩንታል መግዛት ይመጣል፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። የኩበት ጉዳይ የማገዶ ችግር ብቻ ተደርጎ ሲወራ ይገርመኛል፣ የአፈር ችግር ነው፣ አንድ ጥሩ ምድጃ ወይም የማገዶ ዛፍ ከማዳበሪያ ፕሮግራም እኩል መታየት ያለበት ይመስለኛል።

ሬሳ የሚያነሱትም ከዚሁ ዙር ውስጥ ናቸው። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳ አሞራ በሚገርም ፍጥነት አለቀ፣ አንዳንዱ ዝርያ ከ95 በመቶ በላይ ጠፋ፣ ምክንያቱ ለብዙ ጊዜ አልታወቀም ነበር። በኋላ ሲደረስበት ለታመሙ ከብቶች የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ ሆነ፣ ያው እኛም ወገባችንን ሲያመን የምንውጠው መድሃኒት፣ መድሃኒቱን የወሰደ ከብት ሞቶ አሞራው ሲበላው ኩላሊቱን ይገድለዋል። አሞራው ሲጠፋ በየሜዳው የቀረውን ሬሳ ውሻ ወረሰው፣ ውሻ በዛ፣ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት መጣ። ህንድ መድሃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከለች። የከብት ህመም ማስታገሻ ከሰው ጋር በዚህ መንገድ ይገናኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል፣ ኢኮሎጂ ግን እንዲህ አይነት ዙሪያ ጥምጥም መንገዶች የሞሉበት ነው።

ወደ ጓሳ እንመለስ። ባንድ ሜዳ ላይ ይሄ ሁሉ እንስሳ ሳይጨራረስ እንዴት ይኖራል? እያንዳንዱ የራሱ የኑሮ ቦታ አለው፣ ኒች ይሉታል፣ ምን ይበላል፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ይደበቃል፣ የት ይወልዳል የሚለው ሁሉ ተደምሮ። ጭላዳ ሳር ነው የሚበላው፣ በዓለም ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች ውስጥ በሳር የሚኖር እሱ ብቻ ነው የቀረው፣ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየቆነጠረ፣ በደረቁ ወቅት ደግሞ ስር እየቆፈረ። ማታ ሲሆን ገደል ላይ ወርዶ ያድራል። ፍልፈል ከመሬት በታች ነው ኑሮው፣ ስር ይበላል፣ አፈር ሲገለብጥ ይውላል፣ ባለሙያዎች እንደሱ ያለውን ቦታውን ራሱን የሚቀይር እንስሳ ኢንጂነር ነው የሚሉት፣ ዲግሪ ሳይኖረው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ምግቡ አብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው፣ ሌሎች ብዙዎቹ ቀበሮና ተኩላ መሰል እንስሳት ማታ ሲያድኑ እሱ ቀን ነው የሚያድነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ የዛ አገር አይጥ ሌሊት በውርጩ አይወጣም፣ ቀን ነው የሚወጣው። ቤተሰብ ሆነው ነው የሚኖሩት፣ ወሰናቸውን አብረው ይጠብቃሉ፣ ግልገል አብረው ያሳድጋሉ፣ አደን ላይ ግን ለየብቻ ነው፣ አንድ አይጥ ለስምንት ምን ይሆናል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ጓሳ ላይ የታየው የቀበሮና የጭላዳ ነገር ነው። መቶም ሁለት መቶም ጭላዳ ተሰብስቦ ሳር ሲቆነጥር ቀይ ቀበሮ በመሀላቸው ቀስ እያለ ይዞራል፣ እነሱም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ተመራማሪዎች ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ቁጥር አለ፣ ቀበሮው በጭላዳ መሀል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሞከረው 67 በመቶው ተሳክቶለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ለምን እንደሆነ ሁለት ግምት አለ፣ ወይ ጭላዳው ሳሩን ሲነካካ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ፣ ወይ ደግሞ ያ ሁሉ ትልቅ እንስሳ ባለበት አይጡ ቀበሮውን አይለየውም። አንድ ጊዜ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል አፈፍ ሲያደርግ ታይቷል፣ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩትም፣ እንዳይመለስም ከለከሉት። ውል ማፍረስ ዋጋ አለው ማለት ነው። እንግዲህ ይሄን በ"ማን ማንን ይበላል" ሰንሰለት ላይ የት ታስቀምጡታላችሁ? ቀበሮ ጭላዳን አይበላም፣ ጭላዳ ቀበሮን አይበላም፣ ሰንሰለቱ ላይ መስመር የላቸውም፣ ግን ጭላዳው ቢጠፋ ቀበሮው ራቱ ይቀንሳል።

በኢኮሎጂ ውስጥ ቁልፍ ዝርያ የሚባል ነገርም አለ፣ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ተፅዕኖው ከቁጥሩ በላይ የሆነ። ሮበርት ፔይን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአገሩ ምዕራብ ጠረፍ ዋሽንግተን ግዛት ድንጋያማ ባህር ዳር ላይ አንድ ነገር ሞከረ፣ የባህር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ ከአንድ ቦታ እየለቀመ ወደ ባህሩ ወረወረው፣ ጎን ያለውን ቦታ ግን እንዳለ ተወው። የባህር ኮከቡ የሚበላው ዛጎል ለባሽ ፍጥረት በላተኛው ሲነሳለት ድንጋዩን በሙሉ ወርሶ ሌሎቹን አስወጣ፣ 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። አንዱን በላተኛ ማንሳት ተበዮቹን ያበዛል ብሎ የሚገምት ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ አንዱ ተበይ ብቻ ነው የበዛው፣ ሌሎቹ ቦታ አጡ። ይሄን ካነበቡ በኋላ ብዙ ሰዎች ቀይ ቀበሮንም ወዲያው ቁልፍ ዝርያ ብለው ይሾሙታል፣ እኔ እንደዛ ባልቸኩል እመርጣለሁ፣ ሁሉም ከላይ ያለ በላተኛ ቁልፍ አይደለም፣ ለማወቅ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ያን ደግሞ ማንም እንዲሞክረው አንፈልግም። ጓሳ ላይ ሁሉን የተሸከመውን ጠቁም ብባል ሳሩን ነው የምጠቁመው።

ሳሩ ምግብ ብቻ አይደለማ። ያ ጥቅጥቅ ያለ ጉች ጉች ሳር ከስሩ ካለው ጥቁር አፈርና ረግረግ ጋር ዝናቡን ይይዛል፣ ጭጋጉንም ሳይቀር። ብርድ ስለሆነ የሞተው ሳር ቶሎ አይበሰብስም፣ ስለዚህ አፈሩ ውስጥ ካርቦን ይከማቻል፣ እንደዛ ያለ አፈር ደግሞ ውሃ በብዛት ይይዛል፣ ከዛ ቀስ አድርጎ ነው የሚለቀው። ክረምት የወረደው ውሃ በበጋ ምንጭ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ጓሳ ያለበት ሸንተረር ደግሞ ውሃው ለሁለት የሚከፈልበት ነው፣ በምዕራብ በኩል የወረደው በጀማ በኩል ወደ አባይ ይሄዳል፣ በምስራቅ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ። ሳሩ ተነቅሎ ቢታረስ ያው ዝናብ ይዘንባል፣ ግን ባንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፣ ጥር ላይ ምንጩ ይደርቃል። ዝናቡ አልቀነሰም፣ የሚቀመጥበት ጠፋ እንጂ።

አሁን ወደ ሰው። ተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሰው የሌለበት አጥር ያለው ቦታ ነው፣ ሰው ከገባ ተበላሸ የሚል። ጓሳ ግን ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲያጭደው፣ ሲያግጥበት፣ እንጨት ሲለቅምበት የኖረ ቦታ ነው፣ አሁንም ቀበሮው አለ። እንዴት? ቄሮ የሚባል ስርዓት ነበራቸው (የቅርብ ጊዜውን ፖለቲካ እርሱትና)። አስቦና ጌራ የሚባሉት የጥንት አባቶች ተወላጆች የሆኑ ሁሉ ባለመብት ነበሩ፣ የሚመራው አለቃ በምርጫ ይሾማል፣ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ባለመብቶቹ ናቸው፣ ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ከሶስት እስከ አምስት፣ ተዘግቶ ይቆያል፣ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሳሩ ለክዳን ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ መጥቶ ሰው ሲጨነቅ፣ ይከፈታል፣ በበጋ፣ ሁሉም ባንዴ ገብቶ ያጭዳል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ሳሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሆናል፣ ያን ስለሚያውቁ ነው የሚጠብቁት።

በኢኮሎጂ ቋንቋ ካያችሁት ይሄ በጣም ብልህ ነገር ነው። የተጋጠ ወይ የታጨደ ቦታ ለማገገም ጊዜ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ቶሎ በቃይ ትንንሾቹ ይመጣሉ፣ ከዛ ቀስ እያለ ያ ትልቁ ሳር ቦታውን ይመልሳል፣ እንዲህ ተራ በተራ መተካካቱ በየትም ምድር ያለ ነገር ነው፣ ባህር ዛፍ ተቆርጦ በቀረ መሬት ላይም ታዩታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት ቢጋጥ ግን ተራው መጀመሪያው ላይ ይቆማል፣ ትልቁ ሳር አይመለስም። የቄሮ ስርዓት እረፍቱን በህግ አስገባለት። ሳይንቲስቶች የጋራ መሬት መጨረሻው መጥፋት ነው ብለው ሲከራከሩ በኖሩበት ጉዳይ ላይ ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ምሁር አይ፣ ህግ ያለው ማህበረሰብ የጋራውን ሊያቆየው ይችላል ብላ ከብዙ አገር ምሳሌ ሰብስባ አሳይታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች፣ መንዞች ያን ከመስማታቸው በፊት 300 ምናምን ዓመት ሰርተውበታል።

ከዛ 1967 ዓ.ም. መጣ፣ መሬት ላራሹ። አዋጁ ለስንቱ ጭሰኛ ነፃነት ነበር፣ እሱን ማንም አይክድም፣ ጓሳ ላይ ግን የባለመብቶቹን ስልጣን ሲያነሳው ህጉም አብሮ ወደቀ፣ የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ፣ መጠቀሙ በረታ። በኋላ ነዋሪው ከመንግስት አደረጃጀት ጋር በተስማማ መልኩ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው፣ ዛሬ የማህበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ድሮ እንደነበረው አይደለም፣ ግን ሳሩ አለ።

"ተፈጥሮ ሚዛኗን ትጠብቃለች" የሚባለውን አባባል ግን ትንሽ ባንወደው ይሻላል። ኢኮሲስተም ቆሞ የተመዘነ ነገር አይደለም፣ ድርቅ ይመጣል አይጥ ይቀንሳል፣ ዝናብ ይሻላል አይጥ ይበዛል፣ እሳት ይነሳል፣ አንበጣ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 አንበጣ ጓሳ ላይ ሲወርድ ያ ሳር በል ጭላዳ ሳሩን ትቶ አንበጣ ሲለቅም ታይቷል። የሚጠይቀው ጥያቄ ሚዛን አለ ወይ ሳይሆን፣ ተናውጦ ይመለሳል ወይ ነው።

የማይመለስበትን ማየት ከፈለጋችሁ ጣና አለላችሁ። እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ እዛ የሚበሉት ነፍሳትና በሽታዎች ስላሉ በልክ ነው የሚኖረው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታይ በላተኞቹን አገሩ ትቶ ነው የመጣው፣ ምግብ ደግሞ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፣ ከየማሳው ታጥቦ የሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ ያው ቅድም ያልነው ከዙሩ የወጣው ቁስ መሆኑ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን አይገባም፣ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሳው ይታፈናል። በእጅ ማረሙ ጥሩ ነው፣ የገበሬው ልፋት ደግሞ የሚያስመሰግን፣ ግን ማሳው አፈር እየላከ እስከቀጠለ ድረስ ሀይቁ ላይ ብቻ ተሁኖ የሚያልቅ ስራ አይደለም፣ ምግቡ ከተራራው ነው የሚመጣው። ቪክቶሪያ ሀይቅ ላይ ከአገሩ ያመጡትን እምቦጭ በል ጢንዚዛ ለቀውበት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጣም ቀንሶ ነበር፣ እሱም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ታይቷል።

እና ቀበሮው። እስካሁን ያልነው ለምን ጥቂት እንደሆነ ነው፣ ለምን አደጋ ላይ እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ባሌ፣ አርሲ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ወሎ፣ መንዝ፣ በተራራ ጫፍ ጫፍ ላይ ነው፣ በመሀል ያለው ቆላና እርሻ ለሱ ባህር ነው፣ አይሻገረውም። ትንሽ ደሴት ላይ ያለ ትንሽ ህዝብ ደግሞ አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃዋል፣ ጮቄና ጎሽ ሜዳ ላይ የነበሩት እንደጠፉ ቀርተዋል፣ ከሌላ ተራራ መጥቶ የሚተካቸው የለም። ከሁሉም በላይ የሚፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ የሚመጣው ከእረኛ ውሻ። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲገባ ወይብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ከግማሽ በጣም የሚበልጡትን ፈጃቸው፣ ምክንያቱም አብረው የሚተኙ፣ አፍ ላፍ የሚሳሳሙ ቤተሰቦች ናቸው፣ አንዱ ከያዘው ሁሉም ይያዛል።

ያኔ የተሰራው ስራ ነው ኢኮሎጂ መሬት ላይ ወርዶ ምን እንደሚመስል የሚያሳየኝ። ሁሉንም ቀበሮ ይዞ መከተብ አይቻልም፣ ጊዜም የለም፣ ግን የባሌ ቀበሮዎች በጠባብ መተላለፊያ የተገናኙ የተለያዩ ሰፈሮች እንደሆኑ በጥናት ይታወቅ ነበር፣ ስለዚህ መተላለፊያው አካባቢ ያሉትን ይዘው ከተቡ፣ በሽታው ወደሚቀጥለው ሰፈር የሚሻገርበትን ድልድይ ቆረጡበት። በኋላ የተሰራው ስሌት እንዳሳየው በትክክለኛው ቦታ ከሆነ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ራሱ ህዝቡን ከመጥፋት ሊያተርፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በስጋ ቁራጭ ውስጥ ተደብቆ የሚበላ ክትባት ተጀመረ፣ ማታ በፈረስ እየዞሩ የሚያድሉት፣ ቀበሮውን መያዝ ሳያስፈልግ። የገበሬው ውሻ ግን አሁንም በየዓመቱ መከተብ አለበት፣ ስለዚህ እዛ አካባቢ ቀበሮ ጥበቃ ላይ ተሰማርቷል የሚባል ሰው ብዙውን ጊዜውን የሚያጠፋው በየመንደሩ እየዞረ ውሻ ሲወጋ ነው።